ሪል ከመቀየር ሮንዴላ መቀየር

የዓሣ ማጥመጃ ሪል ካርቶን ላይ አንድ ቁጥር ጎላ ብሎ ይጻፋል፤ የፍሬኑ ከፍተኛ ጉልበት ይህን ያህል ፓውንድ ነው ይላል። ገዢም ትልቁን ቁጥር መርጦ ይሄዳል። በእኔ እምነት ያ ቁጥር ከገዢው ይልቅ ሻጩን ነው የሚጠቅመው። 20 ፓውንድ በሚችል ክር የሚያጠምድ ሰው ፍሬኑን የሚያጠብቀው 5 ወይም 6 ፓውንድ ላይ ነው፤ ደንቡ የክሩ አቅም ሩብ፣ ሲበዛ ሲሶ ነውና። ከዚያ በላይ ያለው ጉልበት ሥራ አይሠራም። ልንጠይቅ የሚገባን ፍሬኑ ክር ሲለቅ እንዴት እንደሚለቅ ነው።

እንጀራዬ መካኒክነት ነው። ሶማሌ ተራ መለዋወጫ ሲፈለግ እየተላኩ ነው ሙያውን የለመድኩት። ዛሬ ሜሪላንድ ውስጥ የሰው መኪና እጠግናለሁ፤ ሲመቸኝ ደግሞ ሳንዲ ፖይንት ሄጄ የቼሳፒክን ውኃ ፊት ለፊቴ አድርጌ ዘንግ እወረውራለሁ። የሪል ፍሬንም ከመኪናው የፍሬን ሸራ አይለይም፤ ሁለቱም እንቅስቃሴን በፍትጊያ ወደ ሙቀት የሚለውጡ ናቸው፤ ሁለቱም ያልቃሉ።

ክሩ የተጠነጠነበትን ክፍል፣ ማጠንጠኛውን፣ ከላይ ፈትታችሁ፣ ቀጭኗን የሽቦ ቀለበት በመርፌ ጫፍ ስታነሷት ሮንዴላዎቹ ተደራርበው ይወጣሉ። አንደኛው ብረት ጆሮ አለው፤ ከማጠንጠኛው ጋር ተያይዞ አብሮት ይዞራል። ሌላው ብረት የመሐል ቀዳዳው በአንድ ጎን ጠፍጣፋ ስለሆነ የሪሉን ዘንግ ጨብጦ ይቀራል። በሁለቱ መሐል ያለው ለስላሳ ሮንዴላ ነው መከራውን የሚያየው። በብዙ ሪሎች ላይ ይህ ሮንዴላ ፌልት የሚሉት፣ በዘይት የራሰ ጥቅጥቅ ጨርቅ ነው። አዲስ ሳለ ግሩም ይሠራል። ውሎ ሲያድር ግን ይጨፈለቃል፣ ዘይቱ ይደርቃል፣ የባሕር ጨው ይገባበታል። ከዚያ ወዲያ ክሩን ያዝ ለቀቅ ማድረግ ይጀምራል።

መመርመሩ ቀላል ነው። የክሩን ጫፍ የእጅ ሚዛን ላይ አስራችሁ ሳቡ። ሚዛኑ 6 ላይ ደርሶ ማጠንጠኛው ሲዞር 5 ላይ ከቆየ ፍሬኑ ጤነኛ ነው። መጀመሪያ 9 ደርሶ ድንገት 5 ላይ ከወደቀ ግን ክር የሚበጥሰው ያ መነሻው ነው። ድሮ ናይለን ክር ራሱ ስለሚለጠጥ ጉዱን ይሸፍነው ነበር፤ ዛሬ የምንወደው የተጎነጎነ ክር ግን እምብዛም አይለጠጥም። በዚህ ላይ ደግሞ ዓሣው ክር ይዞ በሮጠ ቁጥር ማጠንጠኛው ላይ የቀረው ክር እየሳሳ ስለሚሄድ፣ ማጥበቂያውን ማንም ሳይነካው ፍሬኑ ይጠብቃል።

መፍትሔው የካርቦን ፋይበር ሮንዴላ ነው። ሙቀትን ይችላል፣ በቀላሉ አይጨፈለቅም፣ ሲነሳም ሲሮጥም አያያዙ ተቀራራቢ ነው። ፔን የተባለው አምራች ኤችቲ-100 የሚላቸውን የካርቦን ሮንዴላዎች በሪሎቹ ላይ ይገጥማል፤ ካርቦንቴክስ የሚባለው ደግሞ በየሪሉ ልክ ተቆርጦ ለብቻው ይሸጣል። ብረቶቹን በአልኮል ወልውሎ፣ ካርቦኑን ለፍሬን ተብሎ በተሠራ ግራሶ ስስ አድርጎ አሽቶ፣ ትርፉን ጠርጎ በነበረበት ተራ መመለስ ነው። ዋናው ጥንቃቄ ውፍረቱ ነው፤ ከቀድሞው ከወፈረ የሽቦ ቀለበቷ ቦታዋን አትይዝም።

አንድ ወጣት ወገናችን ሪል ስፈታ አይቶ፣ «ጋሼ፣ አዲስ አይገዙም እንዴ? በዚህ ይደክማሉ?» አለኝ። አዲሱም ሆዱ ውስጥ ያው ፌልት ካለው ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። ፌልት አይረባም ማለቴ እንዳልሆነ ግን ይታወቅልኝ። በቀጭን ክር ትንንሽ ዓሣ ለሚያጠምድ ሰው፣ በዘይት የተጠበቀ ፌልት በላላ ፍሬን ላይ ከካርቦንም ሊለሰልስ ይችላል። ካርቦን ገባ ተብሎም ፍሬኑን እስከ ጥግ ማጥበቅ አይገባም፤ የሪሉ ዘንግና ጥርሶች ለዚያ አልተሠሩም።

ጉዳዩ የኪስ ብቻ ቢሆን ጋዜጣ ላይ ባላመጣሁት። እዚህ ሮክፊሽ የምንለው፣ ጎኑ ላይ ጥቁር መስመር ያለው ዓሣ፣ ከመመናመኑ የተነሳ ሜሪላንድ እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 1990 ማጥመዱን ጨርሶ ከልክላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ በቼሳፒክ ከ19 እስከ 24 ኢንች ካለው በቀር የተያዘው ሁሉ እንዲለቀቅ ተደነገገ። ነገር ግን የተለቀቀ ሁሉ አይተርፍም። የአትላንቲክ ጠረፍ ግዛቶች የዓሣ ሀብት ኮሚሽን ከሚለቀቁት ውስጥ 9 በመቶው ይሞታሉ ብሎ ያሰላል። ፍሬኑ የሚያንገራግር ሰው ምርጫው ሁለት ነው። አጥብቆ ክሩ ይበጠስበታል፤ ዓሣውም መንጠቆና ክር እየጎተተ ይሄዳል። ወይም ፈርቶ ከልክ በላይ ያላላል፤ ዓሣው በሞቀ የበጋ ውኃ ውስጥ እስኪዝል ይታገላል። መልቀቅ ሕግ ከሆነ፣ በሕይወት ለመልቀቅ የሚያበቃ ዕቃ መያዝም የአጥማጁ ግዴታ ነው።

ስለዚህ አምራቾች ካርቶኑ ላይ ከጉልበቱ ቁጥር ጎን የሮንዴላውን ዓይነት ይጻፉ፤ መለዋወጫውንም ሪሉ ከገበያ እስኪወጣ ብቻ ሳይሆን ከወጣም በኋላ ይሽጡልን። እኛም ገንዘብ ከመክፈላችን በፊት ሻጩን ሁለት ነገር እንጠይቀው፦ ውስጡ ያለው ፌልት ነው ካርቦን? ሲያልቅስ ምትኩን ከየት አገኛለሁ? ለሁለተኛው ጥያቄ መልስ የሌለው ሪል፣ የፍሬኑ ቁጥር የቱንም ያህል ቢገዝፍ፣ ለእኔ ውድ ነው።