ነጻ ሶፍትዌር ያለ ረዳት አይዘልቅም

በግቢያችን ውስጥ ስለ ኦፕን ሶርስ ሶፍትዌር ጥቅም የሚናገር ሰው አይጠፋም። ዋጋ ሳይከፍሉ ያገኙታል፤ የተሠራበት ኮድ ለሁሉም ክፍት ነው፤ የፈለገ ያጠናዋል፥ ያሻሽለዋል፥ ለባልንጀራውም ያካፍለዋል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን ይህን ሰምቶ የተነሣሣው ጀማሪ በመጀመሪያው ሳምንት ዋይፋዩ እንቢ ሲለው፥ ፕሪንተሩ አልታዘዝ ሲለው ወይም የአማርኛ ፊደል የሚጽፍበትን መንገድ ሲያጣ፥ ማንን እንደሚጠይቅ የሚነግረው የለም። እንግዲህ የተማሪዎች ኅብረታችን ሊያስብበት የሚገባው ነገር ሶፍትዌሩን ማወደስ ሳይሆን፥ ጀማሪውን የሚረዱ በጎ ፈቃደኞችን በሥርዓት ማደራጀት ነው እንላለን።

ጉዳዩ ለነገ የሚባል አይደለም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ የደኅንነት ጥገና፥ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ተጨማሪ ጊዜ ለማግኘት የተመዘገበ ካልሆነ በቀር ያለ ጥገና የቀረው ብዙ ነው። ተከታዩ ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ክፍልና ከአዳዲሶቹ ወገን የሆነ ፕሮሰሰር ስለሚጠይቅ፥ ገና በደኅና የሚሠሩ ብዙ ኮምፒዩተሮች ከመስፈርቱ ውጭ ሆነዋል። ከመካከላችን ከታላቅ ወንድሙ የተረከበውን ወይም ያገለገለ ላፕቶፕ ይዞ የሚማረው ጥቂት አይደለም። ይህ ተማሪ በፊቱ ያሉት መንገዶች ሦስት ናቸው፤ አቅሙ የማይፈቅደውን አዲስ ኮምፒዩተር መግዛት፥ ጥገና በሌለው ሲስተም ወይም ከየትም በመጣ ክራክ መቆየት፥ አለዚያም ወደ ኡቡንቱ ወይም ወደ ሊኑክስ ሚንት መሻገር። ሦስተኛው መንገድ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው የመንገድ ጓደኛ ነው። ጓደኛ ያጣ ሰው በሁለተኛው መንገድ እንደሚቀር፥ የመመረቂያ ጽሑፉም አንድ ቀን በቫይረስ ሊጠፋበት እንደሚችል መገመት አያስቸግርም።

ይህ ሥራ ከተማሪ አቅም በላይ ነው የሚል ቢኖር ታሪኩን ይመልከት። ሊነስ ቶርቫልድስ የሊኑክስን መጀመሩን በኦገስት 1991 ሲያስታውቅ በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ የሚማር የ21 ዓመት ወጣት ነበረ፤ ያን ጊዜም ሥራውን ካስታወቀ በኋላ ሰዎች ምን እንዲኖረው እንደሚፈልጉ አስተያየታቸውን ጠየቀ። ኢያን መርዶክም ኡቡንቱ የተመሠረተበትን ደቢያንን በ1993 ሲጀምር በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበረ። ዛሬ በአንድሮይድ ስልኮቻችን ውስጥ ያለው ዋና ክፍል ሊኑክስ ነው፤ ከኖቬምበር 2017 ወዲህም ቶፕ 500 በተባለው መዝገብ የሚቆጠሩት ታላላቅ ኮምፒዩተሮች ሁሉም የሚሠሩት በእርሱ ነው። ይህን ያህል የሰፋው የአንድ ሰው ሊቅነት ብቻውን ስለሠራው አይደለም፤ ጠያቂና መላሽ ስለ ተገናኙ ነው። በ1990ዎቹም በልዩ ልዩ አገሮች የሊኑክስ ተጠቃሚዎች ማኅበራት ቀን ቆርጠው እየተሰበሰቡ ጀማሪው ኮምፒዩተሩን ተሸክሞ እንዲመጣና ሲስተሙን በነጻ እንዲጭኑለት ያደርጉ ነበር።

አንዳንድ ባልንጀሮቻችን «ራሱ ፈልጎ ያግኝ፤ እኛም የተማርነው በዚሁ መንገድ ነው» ይላሉ። በአባባላቸው ውስጥ አንድ እውነት አለ፤ ሁልጊዜ በሰው እጅ የሚሠራለት ሰው አይማርም። ሆኖም ጥያቄን አስተካክሎ ለመጠየቅ ራሱ ዕውቀት ያስፈልገዋል። የተበላሸበትን ነገር ስሙን የማያውቅ ሰው ምን ብሎ ይፈልገዋል? «መጽሐፉን አንብብ» ተብሎ የተመለሰ ጀማሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚመለሰው ወደ መጽሐፉ ሳይሆን ወደ ክራኩ ነው። ይልቁንም ሴት እኅቶቻችን ሲጠይቁ የቁልፍ ሰሌዳውን ነጥቆ ሠርቶ መስጠት እንደ ቸርነት መቆጠሩ ሊቀር ይገባል፤ እንዲህ ያለው እርዳታ ችግሩን ለዕለቱ ያስወግዳል እንጂ ዕውቀት አያወርስም።

በጎ ፈቃድ ብቻውን ግን አይበቃም። አንድ ጎበዝ ተማሪ በመኝታ ክፍሉ ሌሊት ሁሉ በሩ ሲንኳኳበት በመጀመሪያው ወር ደስ ይለዋል፥ በሁለተኛው ይሰለቻል፥ ፈተና ሲደርስ ስልኩን ያጠፋል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንደሚባለው፥ ሥራው ከተከፋፈለ ማንንም አይከብድም። ዐሥራ ሁለት ተማሪዎች በሳምንት ሁለት ሁለት ሰዓት ቢሰጡ፥ ሁለት ሁለት ሆነው ቢቀመጡም፥ በሳምንት 12 ሰዓት ክፍት የሆነ አንድ ጠረጴዛ ይኖረናል። ሁለት የምንለው አንዱ ያላወቀውን ሌላው እንዲያውቀው፥ አዲሱም ረዳት ከነባሩ እንዲማር ነው። ተራው ከልዩ ልዩ የትምህርት ክፍሎች ቢውጣጣ የአንዱ ክፍል ፈተና ጠረጴዛውን አይዘጋውም።

የጠረጴዛውም ደንብ አጭር ይሁን። የእንግዳው እጅ ከቁልፍ ሰሌዳው ላይ አይነሣ፤ ረዳቱ በአፉ ይምራ። ምንም ነገር ከመጫኑ በፊት የእንግዳው ፋይሎች በሌላ ዲስክ ይገልበጡ፤ ይህ ሳይሆን ማንም ፎርማት አያድርግ። ሊኑክስን ከፍላሽ አስነሥቶ በዲስኩ ላይ ሳይጭኑ መሞከር ስለሚቻል፥ በመጀመሪያ ዋይፋዩና ድምፁ መሥራታቸው በዚህ ይታይ። የሚማርበት ፕሮግራም በሊኑክስ የማይሠራ ከሆነ ይህ በግልጽ ይነገረው፤ ሰውን አታሎ ማሻገር እርዳታ አይደለም። ረዳት የማንንም ፓስዎርድ አይጠይቅ፥ የማንንም ፎቶግራፍና ደብዳቤ አይክፈት። የማያውቀውንም «አላውቀውም፥ ሐሙስ ተመለስ» ለማለት አይፈር።

ከዚህ ሌላ አንድ መዝገብ ያስፈልጋል። የተጠየቀው ጥያቄና የተገኘው መፍትሔ በየቀኑ በአማርኛ ይጻፍበት። የግዕዝ ፊደል በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ስለ ገባ በሊኑክስ ላይ አማርኛ መጻፍ ዛሬ ችግር አይደለም፤ ችግሩ የት ገብቶ የአማርኛውን የቁልፍ ሰሌዳ እንደሚያበሩት አለማወቅ ነው። ይህ በአንድ ገጽ ከተጻፈ ዐሥረኛው ጠያቂ ረዳት ሳይጠብቅ ይሄዳል። በሚመጣውም ዓመት እኛ ተመርቀን ስንወጣ መዝገቡ ይቀራል።

ክፍያስ? ገንዘብ አይደለም። በወንፈል የተረዳ ገበሬ ብድሩን በጉልበቱ እንደሚመልስ፥ በጠረጴዛው የተረዳም ሰው ሁለት ሰዓት ከነባር ረዳት አጠገብ ተቀምጦ ለሚቀጥለው ጀማሪ ይመልስ። ትናንት ግራ የገባው ሰው ዛሬ ግራ ለገባው ከሁሉ የተሻለ አስተማሪ ነው፤ የጀማሪው ችግር ገና አልተረሳውምና።

የተከበራችሁ መምህራኖቻችን ሆይ፥ ከእናንተ የምንለምነው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፥ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ባዶ የሚቀር አንድ ክፍል፤ ሁለተኛው፥ በሊብረ ኦፊስ የተጻፈውን የቤት ሥራ እንድትቀበሉ ነው። የሚጠቀምበት የኦፕንዶክመንት ቅርጽ በ2006 ዓለም አቀፍ ደረጃ የጸደቀለት ስለሆነ፥ ከሕግ ውጭ የሆነ ነገር አልለመንንም። ካልሆነም ፒዲኤፍ ይበቃናል።

ከኅብረታችን አመራር ደግሞ የምንጠብቀው ኮሚቴ አቋቁሞ ስብሰባ ማብዛትን አይደለም፤ ጠረጴዛ፥ የሰዓት ሰሌዳና መዝገብ ነው። ስማቸውን በተራው ሰሌዳ ላይ ለማስፈር የመጀመሪያዎቹ ዐሥራ ሁለት ፈቃደኞች ከተገኙ ሥራው በሚመጣው ሳምንት ሊጀመር ይችላል።