ስም ብቻውን ፎቶግራፍ አያነሣም

የምረቃ ወራት በቀረበ ቁጥር በተማሪው መካከል አንድ ክርክር ይነሣል። ጓደኞቻቸውን ፎቶግራፍ በማንሣት የኪስ ገንዘብ የሚያገኙ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን የፖርትሬት ሌንስ ሲፈልጉ፣ «የካሜራው ኩባንያ ራሱ የሠራው ካልሆነ አንገዛም» ይላሉ። ሲግማ፣ ታምሮን ወይም ዮንግኑዎ የሚል ጽሕፈት ካዩ «ይኼማ ኦሪጅናል አይደለም» ብለው ፊታቸውን ያዞራሉ። እኛ ይህ አስተያየት መመርመር አለበት እንላለን።

በመጀመሪያ ሁለት ነገሮች ተደባልቀዋል። ፎርጅድ ማለት የሌላውን ስም ሰርቆ የሚሸጥ ዕቃ ነው። ሲግማ ግን እ.ኤ.አ. በ1961 የተቋቋመ፣ በራሱ ስም የሚሠራ የጃፓን ኩባንያ ነው፤ ታምሮንም ከእርሱ የሚቀድም ነው። በራሱ ስም የሚነግደውን ከአስመሳይ ጋር አንድ አድርጎ መቁጠር ተገቢ ፍርድ አይደለም።

ሁለተኛም ታሪኩን እንመልከት። ካኖን እ.ኤ.አ. በ1936 የመጀመሪያውን ካሜራውን ለገበያ ሲያቀርብ የተገጠመለት ሌንስ ኒኮር ነበር፤ የሠራውም ዛሬ ኒኮን የምንለው ኩባንያ ነው። በ1950 ደግሞ የላይፍ መጽሔት ፎቶግራፍ አንሺ ዴቪድ ዳግላስ ደንከን፣ የእኛ ቃኘው ሻለቃ በኋላ በዘመተበት በኮርያ፣ የጃፓኑን ኒኮር በጀርመኑ ላይካ ካሜራ ላይ ገጥሞ ጦርነቱን አነሣ። እንግዲህ ዛሬ «ኦሪጅናል» ተብሎ የሚከበረው ሌንስ ያን ጊዜ «የሌላ ኩባንያ» ሌንስ ነበር ማለት ነው። ስም ከዕቃው ዕድሜ በላይ እንደሚኖር ለእኛ ለላንቻ ልጆች መንገር አያስፈልግም፤ ሰፈራችን ስሙን ያገኘው ከኢጣልያው የላንቻ አውቶሞቢል ነው ይባላልና።

ዳሩ ግን ተቃዋሚዎቻችንም ያለ ምክንያት አይናገሩም። ካሜራና ሌንስ በኤሌክትሪክ ምልክት ይነጋገራሉ። የካሜራው ሠሪ ይህን ቋንቋ ለሌላው ካልሰጠ፣ ሌላው ኩባንያ ራሱ ፈትቶ መማር ይኖርበታል። በዚህም የተነሣ አዲስ ካሜራ ሲወጣ የቀድሞው ሌንስ ዐይንን አነጣጥሮ መያዝ ሊያቅተው ይችላል። ሶኒ ከ2011 ጀምሮ የሌንስ መግጠሚያውን መሠረታዊ ዝርዝር ለሌሎች ከፍቷል። ካኖን ግን በ2022 የቻይናው ቪልትሮክስ ለአዲሱ የአርኤፍ መግጠሚያ የሠራቸውን ሌንሶች መሸጥ እንዲያቆም ጠየቀ፤ ለሲግማና ለታምሮን የፈቀደው በ2024 ሲሆን፣ ያውም አነስተኛ ሴንሰር ላላቸው ካሜራዎች በሚሆኑ ሌንሶች ነበር። ስለዚህ «የማን ሌንስ?» ከማለት በፊት «ለየትኛው ካሜራ?» ማለት ይገባል። ቀለበት የሚታሰርበትን ቅጽበት የሚጠብቅ የሠርግ ባለሙያ፣ ለእርግጠኝነቱ ብሎ ጨምሮ ቢከፍል አንነቅፈውም። ተመራቂ ጓደኛችን ግን «እስቲ አንዴ ድገም» ቢባል ይደግማል።

ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ እንዴት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ስለሆነም ከመክፈላችን በፊት ዕቃውን ራሳችን እንፈትን። አነስተኛ ሴንሰር ባለው የካኖን ካሜራ ላይ የ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ እንደ 80 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚያሳይ፣ ለፖርትሬት ይበቃል፤ ውዱን 85 የግድ መመኘት አያሻም። ሌንሱን በገዛ ካሜራችን ላይ ገጥመን፣ ቀዳዳውን እስከ መጨረሻው ከፍተን፣ የአንድ ጓደኛችንን ዐይን ዐሥር ጊዜ እናንሣ፤ ስንቱ ጥርት ብሎ እንደወጣ እንቁጠር። ቀጥሎም ነጭ ነጠላ የለበሰ ሰው ፀሐይን ከኋላው አድርጎ ይቁምልን። የመስተዋቱ ቅብ ደካማ ከሆነ ብርሃኑ ፈስሶ የጠይሙን ፊት ያደበዝዘዋል። ያገለገለ ሌንስ ከሆነም በብርሃን አሻግረን፣ ውስጡ ሻጋታ አለመኖሩን እንይ። ይህን ፈተና ያለፈ ሌንስ፣ በላዩ የተጻፈው ስም የማንም ቢሆን፣ ሊገዛ ይገባዋል። የወደቀውን ደግሞ ስሙ አያድነውም።

ነገሩ ከኪስ ገንዘብም ያልፋል። ጎረቤታችን ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ፣ ለብዙ ዓመት አብሮ ቡና የጠጣው ሰው በየአቅጣጫው ተበተነ። የእነዚያን እናቶችና አባቶች መልክ በደጃፋቸው ለማስቀረት የቻለው፣ በዚያን ዕለት በእጁ ሌንስ የነበረው ሰው ብቻ ነው። ለስመ ጥሩው ሌንስ ገንዘብ እስኪሞላለት የሚጠብቀው፣ ገንዘቡ ሲሞላ ሰዎቹን በቦታቸው አያገኛቸውም።

ስለዚህ ጓደኞቻችን ሆይ፣ አቅማችን የሚፈቅደውን ፈትነን እንግዛ። ከተረፈው ገንዘብ ላይም ለእናቶቻችንና ለጎረቤቶቻችን ፎቶግራፋቸውን አሳትመን በእጃቸው እንስጣቸው።