ስንት ባቡር ወጣ?

በአየር ጤናው ተሳፋሪ

አዲስ አበባ ውስጥ የትራንስፖርት ዜና ማለት የግዢ ዜና ነው። ይህን ያህል አውቶቡስ ተገዛ፣ ይህን ያህሉ ወደብ ደረሰ፣ ይህን ያህሉ ስምሪት ጀመረ ይባላል። አዲሶቹ መኪኖች ይደረደራሉ፣ ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሣል። ከስድስት ወር በኋላ ከነዚያ መካከል ስንቱ በየማለዳው ከጋራዥ እንደሚወጣ የሚነግረን ግን የለም። ጦር ኃይሎች ጣቢያ ላይ ቆሞ ባቡር ለሚጠብቅ ሰው ቁም ነገሩ ይኸኛው ነው። የተገዛ ባቡር አያሳፍርም፤ የወጣ ባቡር ነው የሚያሳፍረው።

የቀላል ባቡሩ የምሥራቅ–ምዕራብ መስመር ከአያት ተነሥቶ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ የሚያበቃው ጦር ኃይሎች፣ የኮልፌ ቀራንዮ ደጃፍ ላይ ነው። ሐዲዱ ያብቃ እንጂ ተሳፋሪው ቤቱ አልደረሰም። ቤቴል የሚገባ አለ፣ ዓለም ባንክ የሚሄድ አለ፣ አየር ጤና፣ ካራ ቆሬ፣ 18 ማዞሪያ የሚል አለ። ይህ ሁሉ ሕዝብ ጠዋት በታክሲና በሃይገር መጥቶ ባቡር ይጠብቃል፤ ማታ ከባቡር ወርዶ ለታክሲ ይሰለፋል። ስለዚህ የመስመሩ ሕመም ከየትኛውም ጣቢያ ይልቅ እዚህ ይጠናል። ሌላ ቦታ ያለ ሰው አንድ ጊዜ ቢጠብቅ፣ የጦር ኃይሎቹ ሁለት ጊዜ ይጠብቃል።

ይህ መስመር ሥራ የጀመረው በጥቅምት 2008 ዓ.ም. ማብቂያ ነበር። ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ የሚዘልቀው የሰሜን–ደቡቡ ደግሞ በመስከረም 9 ቀድሞታል። ሁለቱን ለመሥራት 475 ሚሊዮን ዶላር ወጥቷል፤ ከዚያ ውስጥ አብዛኛው ከቻይናው ኤግዚም ባንክ የተበደርነው ነው። 41 ባቡር መጣ፣ 39 ጣቢያ ተሠራ። ትኬቱ እንደ ርቀቱ 2፣ 4 ወይም 6 ብር ነበር። የዚያን ሰሞን ደስታ ዛሬ ላይ ሆኖ ማቃለል ቀላል ነው፤ እኔ አላቃልለውም። በታክሲ ሜክሲኮ ላይ ወርዶ፣ ተሰልፎ፣ ሌላ ታክሲ ይዞ መገናኛ ለመድረስ ጧቱን የሚጨርስ ሠራተኛ በአንድ ትኬት ሲሻገር ኑሮው በእርግጥ ተለውጦ ነበር።

ከዚያ ባቡሮቹ አንድ በአንድ ቆሙ። ወደ 2015 ዓ.ም. ግድም ከ41ዱ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከሥራ ውጪ ነበሩ።

ይህ ለተሳፋሪው ምን ማለት እንደሆነ በጣት ማስላት ይቻላል። ባቡሩ ጣቢያ ላይ የሚቆምበትን ጨምሮ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል እንበል። ከጦር ኃይሎች አያት ሄዶ፣ ጫፍ ላይ ጥቂት ቆይቶ ለመመለስ ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። መስመሩ ላይ 20 ባቡር ካለ በየ6 ደቂቃው አንድ ይመጣል። 10 ከሆነ በየ12 ደቂቃው፣ 6 ከሆነ በየ20 ደቂቃው ነው። አሁን ከ20ው አንዱ ረፋድ ላይ ቢበላሽ ተሳፋሪው ልብም አይለው፤ ልዩነቱ ግማሽ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ከ6ቱ አንዱ ቢበላሽ ግን ክፍተቱ ወደ 24 ደቂቃ ይዘላል። ባቡር ባነሰ ቁጥር የእያንዳንዱ ብልሽት ዋጋ ይከብዳል። በዚያ ላይ 24 ደቂቃ የተጠራቀመ ሰው በር ላይ ይጋፋል፣ በሩ አልዘጋ ይላል፣ በየጣቢያው የሚባክነው ጊዜ ይጨምራል፣ ዙሩ ይረዝማል፣ ቀጣዩም ይዘገያል። አንድ ባቡር ወደ 300 ሰው ይይዛል ተብሎ የተሠራ ቢሆንም ማታ ሜክሲኮ ላይ ይህን ወሰን የሚያከብር የለም።

የጦር ኃይሎች ተሳፋሪ ላይ አንድ ተጨማሪ ጣጣ አለ። ከስታዲየም እስከ ልደታ ባሉት አምስት ጣቢያዎች፣ ማለትም በስታዲየም፣ በለገሃር፣ በሜክሲኮ፣ በተግባረ ዕድና በልደታ፣ ሁለቱ መስመሮች አንድ ሐዲድ ይጋራሉ። ልደታ ላይ አንዱ ወደ አብነትና ወደ አውቶቡስ ተራ ይታጠፋል፤ ሌላው በኮካ ኮላ አድርጎ ወደ እኛ ይመጣል። ሜክሲኮ ላይ ባቡር ሲገባ «ጦር ኃይሎች ነው?» የሚለው ጥያቄ የሚሰማው ለዚህ ነው። የቸኮለ የመጣውን ይሳፈርና ልደታ ላይ ወርዶ የቀረውን በእግሩ ያዘግማል። በጋራው ሐዲድ ላይ አንድ ባቡር ቢቆም ደግሞ ቃሊቲም አያትም አብረው ይታገታሉ።

ለምን ቆሙ? ዋናው መልስ መለዋወጫ ነው። የባቡር መንኮራኩር ብረት ነው፤ ይበላል፣ ቶርኖ ላይ ይስተካከላል፣ የመጨረሻ ልኩ ላይ ሲደርስ ይቀየራል። ይህ ደግሞ ድንገት የሚመጣ አደጋ አይደለም፤ ባቡሩ በተገዛ ቀን የሚታወቅ ወጪ ነው። ችግሩ ገቢው በብር፣ መለዋወጫው በዶላር መሆኑ ነው። መስመሩ ሲከፈት አንድ ዶላር 21 ብር ያህል ነበር። 10,000 ዶላር የሚያወጣ አንድ ዕቃ ለመግዛት 210,000 ብር ያስፈልጋል፤ በ6 ብሩ ትኬት 35,000 ሰው ማሳፈር ማለት ነው። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ዶላሩ ከ120 ብር አለፈ። ታሪፉ ባይነካ ኖሮ ያንኑ ዕቃ ለመግዛት 200,000 ትኬት መሸጥ ግድ ይል ነበር፤ ከትኬቱ ደግሞ ደመወዝም የመብራት ክፍያም ይወጣል። ታሪፍ መጨመር ብቻውን ይህን ቀዳዳ እንደማይደፍን ለማወቅ የምጣኔ ሀብት ምሁር መሆን አያስፈልግም።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባቡሩን የሚያስተዳድሩት የሼንዘን ሜትሮ ባለሙያዎች ነበሩ፤ ከዚያ የእኛ ልጆች ተረከቡት። አሽከርካሪው፣ ቴክኒሺያኑ፣ ትኬት ሻጯ ሁሉ ዛሬ ስንት ባቡር እንደወጣ ያውቃሉ። የተቆጣ ተሳፋሪ ፊት የሚቆሙት ግን ምንም እንዲናገሩ ሥልጣን ሳይሰጣቸው ነው። «ይመጣል» ከማለት ሌላ የሚሉት የላቸውም። ትኬት ሻጯ ላይ የሚዘንበው ስድብ በመለዋወጫና በምንዛሪ እጥረት ምክንያት የመጣ መሆኑን ሰዳቢው አያውቅም፤ ቢያውቅ ምናልባት ስድቡን ሌላ ቦታ ያደርስ ነበር።

ለንደን ወይም ቶኪዮ ውስጥ የባቡርና የአውቶቡስ ነገር እንደ እግር ኳስ የሚከታተሉ ሰዎች አሉ። የባቡሩን ቁጥር ይመዘግባሉ፣ አዲስ ሞዴል የወጣ ቀን ካሜራ ይዘው ይጠብቃሉ። ለንደን እንዲያውም የትራንስፖርት መረጃዋን ለማንም ክፍት ካደረገች ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗታል፤ በዚያ መረጃ ዜጎች ራሳቸው የስልክ መተግበሪያ ሠርተውበታል። እኛም ተከታታይ አላጣንም። የአንበሳ አውቶቡስን ቁጥር ከነመነሻና መድረሻው በቃሉ የሚወርድ ልጅ በየሰፈሩ ነበር። የዛሬው የጦር ኃይሎች ተሳፋሪ ግን የሚከታተለው በፍቅር ሳይሆን በግድ ነው። የትኛው ሰዓት ላይ ክፍተቱ እንደሚሰፋ፣ መብራት ሲጠፋ ምን ያህል ቆሞ ታክሲ እንደሚመረጥ፣ የትኛው በር ላይ ቦታ እንደሚገኝ ያውቃል። ይህ እውቀት በሺዎች ጭንቅላት ውስጥ ተበትኖ አለ፤ የሚሰበስበው ቢሮ የለም።

ባቡሩ መዘግየቱን ፈጥኖ የሚያውቀው ወያላው ነው። ማታ ከጣቢያው የሚወርደው ሰው አንድ ጊዜ ግር ብሎ ሲመጣ፣ አየር ጤና ድረስ ይጭን የነበረው ታክሲ መንገዱን አቆራርጦ ይጭናል። አንድ ታሪፍ ሁለት ይሆናል። ተራ አስከባሪው አያየውም፤ ወይም ማየት አይፈልግም። ወያላውን መራገም ልማዳችን ነው። እኔ ግን የሚገርመኝ ሌላ ነው፤ ሦስት መቶ ሰው በአንድ ጊዜ ከባቡር ሲወርድ እሱን ተቀብሎ ወደ ቤቴልና ወደ ዓለም ባንክ የሚነሣ የከተማው አውቶቡስ በዚያች ደቂቃ አለመኖሩ። የሰዎቹ አመጣጥ ይታወቃል፣ አውቶቡሱም የከተማው ነው፣ ባቡሩም የከተማው ነው። ሁለቱን በአንድ የሥራ ሰዓት ማገናኘት ዶላር አይጠይቅም።

ሐዲዱ በየጫፉ እንዲራዘም ቀድሞ ታስቦ ነበር። እኔ በምዕራብ በኩል ነዋሪ ሆኜ ሳለ አሁን እንዲራዘም አልፈልግም። ባለን ሐዲድ ላይ ባቡር ሳይሞላ ሐዲድ መጨመር ክፍተቱን ማስፋት ነው፤ ያሉንን ጥቂት ባቡሮች በ17 ሳይሆን በ25 ኪሎ ሜትር ላይ መበተን ይሆናል። መጀመሪያ የቆሙት ይጠገኑ፤ እስከዚያው ከጦር ኃይሎች ወዲያ አውቶቡስ ይበቃናል፣ ሰዓቱን አክብሮ ከመጣ።

የምጠይቀውም ትንሽ ነው። በየማለዳው ስንት ባቡር እንደወጣና በየስንት ደቂቃው እንደሚመጣ በየጣቢያው ይለጠፍ። ስክሪንም መተግበሪያም አያሻም፤ ወረቀትና እስክሪብቶ ይበቃል። ቁጥሩ ያሳፍራል የሚል ኃላፊ ሊኖር ይችላል። ተሳፋሪው እኮ ቆሞ ቆጥሮታል፤ ያልተነገረው ለበላይ አካል ነው። ቁጥሩ በየቀኑ ከተለጠፈ ጋዜጠኛ ይጠይቃል፣ በጀት ያዥ ይጠየቃል፣ ለመንኮራኩር የሚሆን ምንዛሪ ለማግኘት ባንክ ደጃፍ የሚመላለሰው ኃላፊም በእጁ የሚያሳየው ማስረጃ ይኖረዋል።

የኮልፌ ቀራንዮና የልደታ ተመራጮች የሆናችሁ የከተማው ምክር ቤት አባላት፣ የሚቀጥለው የአውቶቡስ ግዢ በጀት ፊታችሁ ሲቀርብ አንድ ነገር ጠይቁልን፤ ለመለዋወጫ የተያዘው ስንት ነው? መልሱ ባዶ ከሆነ እጃችሁን አታውጡ።