ሰው ሳይጠግብ ውሻ ይዋኛል?

ሰሞኑን አንድ ወዳጃችን ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ አሳየን። ያረጀ ላብራዶር ውኃ በተሞላ የመስታወት ሳጥን ውስጥ፣ በሚሽከረከር ምንጣፍ ላይ ቀስ እያለ ይራመዳል፤ ባለሙያዋ ጎኑን ይዛ ታበረታታዋለች። ሳቅ በሳቅ ሆንን። ከዚያም ያው የታወቀው ፍርድ ተሰማ፦ «ሰው ሳይጠግብ ውሻ ይዋኛል!» እኛም ስቀናል፣ አንዋሽም። ማታ ግን ከመካከላችን አንዱ ቤቱ ሲገባ፣ ድሮ እየዘለለ ይቀበለው የነበረው ውሻ የኋላ እግሩን እየጎተተ መጣ። ሳቁ እዚያ ላይ አበቃ።

እስቲ ፌዙን ትተን ነገሩን እንመልከት። ዳሌው የታመመ 40 ኪሎ የሚመዝን ጀርመን ሼፐርድ አስቡ። ስለሚያመው አይንቀሳቀስም፤ ስለማይንቀሳቀስ ጡንቻው ይመነምናል፣ ሰውነቱ ይወፍራል፤ ስለወፈረ ደግሞ ይበልጥ ያመዋል። ይህን አዙሪት ለመስበር ከሚረዱት ነገሮች አንዱ ውኃ ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የታተመ የእንስሳት ሕክምና ጥናት ጤነኛ ውሾችን ውኃ ውስጥ አቁሞ እግራቸው ላይ የሚያርፈውን ክብደት ለካ። ውኃው ቁርጭምጭሚት ሲደርስ ክብደቱ በ9 በመቶ፣ ጉልበት ሲደርስ በ15 በመቶ፣ ዳሌ ሲደርስ በ62 በመቶ ቀነሰ። በዚህ ስሌት ያ 40 ኪሎ ውሻ የሚሸከመው 15 ኪሎ ገደማ ብቻ ነው ማለት ነው።

ውኃ ሸክም ያቃልላል እንጂ ሥራ አያቃልልም። እየገፉት ስለሚሄዱ ጡንቻ ያሠራል፤ ለብ ሲል ደግሞ የተኮማተረውን ያፍታታል። በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌላ ጥናት፣ የጉልበት ጅማታቸው ተበጥሶ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ውሾች ሲዋኙ ጉልበታቸው ከመራመድ ይልቅ በደንብ እንደሚታጠፍ አሳይቷል። እግሩ የተሰበረ ሰው ውኃ ውስጥ ፊዚዮቴራፒ ሲሠራ ሕክምና፣ ውሻ ሲሠራው ቅንጦት የሚሆነው በየትኛው ሕግ ነው?

«ሰው ይቅደም» ለሚሉን ጥያቄ አለን። ውሻው ከውኃው ቢወጣ የማን ሆድ ይሞላል? የተራበ ሰው ስም የሚነሳው ውሻ ሲታከም ብቻ ነው፤ ሠርግ ሲደገስ ማንም አያነሳውም። ይህን የሚለን ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሌሊቱን የሚጠብቀውን እንስሳ ቀኑን ሙሉ በአጭር ሰንሰለት አስሮ የሚያውል፣ ሲያነክስ «አርጅቷል» ብሎ ከግቢ የሚያባርር ነው።

ለእኛ ወገንም አንድ ቃል አለን። «ውሻ ሁሉ ዋና ያውቃል» ብላችሁ ገፍታችሁ ውኃ ውስጥ አትጣሉ። ቡልዶግና ፐግ አጭር አፍንጫና ከባድ ደረት ስላላቸው በቀላሉ ይሰምጣሉ። ቁስሉ ያልደረቀ ወይም ልቡ የታመመ ውሻ ያለ ሐኪም ፈቃድ አይገባም። አረንጓዴ አረፋ የለበሰ ሐይቅ መርዝ ሊኖረው ይችላል፣ ውሻ ይገድላል። ዋና ደግሞ ተአምር አይደለም፤ የሐኪምን መድኃኒትም ሆነ ክብደት መቀነስን አይተካም።

ገንዳ ይሠራልን አላልንም። ቢሾፍቱን ተመልከቱ፦ ሐይቁ እዚያ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅም እዚያው። ውኃም ሐኪምም በአንድ ከተማ ይገኛሉ፤ የጎደለን ለማሰብ ፈቃደኛ መሆን ነው። የምንጠይቀው ትንሽ ነው፦ ሰንሰለቱን ፍቱለት፣ ሲያነክስ ሐኪም አሳዩት፣ ሐኪሙ ከፈቀደ አብራችሁት ውኃ ግቡ።

ሰው ሳይጠግብ ውሻ ይዋኛል ወይ? አዎ፣ ይዋኛል። ውሻው እኮ ቤታችሁን የጠበቀው እናንተ እስክትጠግቡ ጠብቆ አይደለም።