አረንጓዴዎቹ ስድስት ጥይቶች

ባለፈው እሁድ አሌክሳንድሪያ ውስጥ አንድ ወዳጄ ቤት ቡና ተጠርቼ ነበር። ቶናው ሲቀዳ ሰውዬው ተነስቶ ጓዳ ገባና ሽጉጡን ይዞ ወጣ። ቨርጂኒያ ነዋ! እዚህ ሽጉጥ ማሳየት የሠርግ አልበም እንደ ማሳየት ነው። አፈሙዙ አራት ኢንች የሆነ ስድስት ጎራሽ ሪቮልቨር ነው፤ እኔም ቤት የእሱ መንትያ አለ። ሲሊንደሩን ከፍቼ ጥይቶቹን መዳፌ ላይ ዘረገፍኳቸው። ቀለሃቸው አረንጓዴ ሆኗል። ለካ ወዳጄ ሽጉጡ ውስጥ ከማጉረሱ በፊት ለዓመታት የቆዳ ቀበቶ ላይ ሰክቷቸው ኖሯል፤ ቆዳው የተለፋበት ነገር ደግሞ ናስ ያዝጋል።

«ሙሉ ማግነም ነው» አለኝ ደረቱን ነፍቶ።

«ስንት ጊዜ ተኩሰህበታል?»

«ሰው ላይ?» ብሎ ሳቀ።

ኢላማ ላይ ማለቴ ነበር። አንድም ቀን አልተኮሰም። ማታ ማታ የሚሠራበት የመጠጥ መደብር ድረስ ወገቡ ላይ አድርጎ ይሄዳል፣ ፈቃዱም አለው፣ የሚያምናቸው ስድስት ጥይቶች ግን ይነሱ አይነሱ አያውቅም። ቡናው ጉሮሮዬ ላይ ቆመ።

እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ሰው ብቻውን አለመሆኑ ነው። ሀበሻ ሦስት ሆኖ በተቀመጠበትና ሽጉጥ በተነሳበት ሁሉ ክርክሩ አንድ ነው፦ የትኛው ጥይት «ይጥላል»? ማግነም ይበልጣል፣ የለም ቀይ አፍንጫው ይበልጣል፣ የለም እገሌ የሚባለው አዲሱ። ጥይቷ የት እንደምታርፍ የሚጠይቅ የለም። በአያቶቻችን ዘመን የውጅግራ ጥይት ገበያ ላይ እንደ ገንዘብ ይመነዘር ነበር። ጥይት ገንዘብ የሆነበት ሰው ሲተኩስ ያያል፤ ሲስት ኪሱን ያመዋል። እኛ የልጅ ልጆቻቸው ጥይት እንደ ሽቶ በማስታወቂያው መርጠን እንገዛለን።

እስቲ ከማግነሙ ልጀምር። .357 ማግነም በ1935 የመጣ ነው፤ ወላጁ .38 ስፔሻል ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ አለ። የሁለቱም አረር ውፍረት አንድ ነው። የማግነሙ ቀለህ ትንሽ ይረዝማል፤ ሆን ተብሎ ነው የረዘመው፣ ማንም ተሳስቶ ደካማ የ.38 ሽጉጥ ውስጥ እንዳያጎርሰው። ስለዚህ የማግነም ሽጉጥ ሁለቱንም ይተኩሳል፣ የ.38ቱ ግን ማግነም አይቀበልም። የግፊት ጣሪያቸው በአሜሪካ መለኪያ 17 ሺህና 35 ሺህ ፓውንድ በካሬ ኢንች ነው፤ ከእጥፍ በላይ! ይህ ሁሉ ግፊት አንድ ቦታ መውጣት አለበት፤ የሚወጣውም እጃችሁ ላይ፣ ጆሯችሁ ላይና ዓይናችሁ ላይ ነው። ቀላሉ ባለ 125 ግሬይን (የአረር ክብደት መለኪያ ነው) ማግነም ከአራት ኢንች አፈሙዝ በሰከንድ 440 ሜትር ገደማ ይወጣል። ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ሌሊት፣ ያለ ጆሮ መከላከያ ተኩሱት፤ ድምፁ ከ160 ዴሲቤል በላይ ነው፣ የእሳቱ ብልጭታ ደግሞ ዓይን ያጭበረብራል። የመጀመሪያዋ ከሳተች ሁለተኛዋን የሚተኩሰው ደንቆሮና ዕውር ነው።

እኔም በዚህ መንገድ አልፌአለሁ፤ ስለዚህ ነው የምጮኸው። ሽጉጡን በገዛሁበት ቀን ሻጩ «ለአንተ የሚሆንህ ይኼ ነው» ብሎ ባለ 110 ግሬይን ቀላልና ፈጣን ጥይት ሸጠልኝ፤ በ20 ፍሬ ለ50 ፍሬ መለማመጃ የሚበቃ ገንዘብ ከፈልኩ። የተኩስ ሜዳ ሄጄ 25 ያርድ ላይ ብተኩስ ብተኩስ ሁሉም ካነጣጠርኩበት አራት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ ይመታል። ሽጉጡን ረገምኩ፣ ዓይኔን ረገምኩ፣ ቆይቼም ሐኪም ቤት ሄጄ መነጽር አስቀየርኩ። በኋላ አጠገቤ ይለማመዱ የነበሩ አንድ ጡረተኛ ፖሊስ ምክንያቱን ነገሩኝ። ማነጣጠሪያው የማይስተካከል ሪቮልቨር አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ባለ 158 ግሬይኑን፣ ወደ አሥር ግራም የሚመዝነውን ጥይት ታሳቢ አድርጎ ነው። ጥይት ሲነሳ ሽጉጡ ወደ ላይ ይዘላል። ከባዱ ጥይት ዝግ ብሎ ስለሚወጣ ዝላዩ ያገኘዋል፣ ከፍ ብሎም ይመታል፤ ቀላሉ ግን አፈሙዙ ሳይነሳ አምልጦ ወጥቷል። ለመነጽሩ የከፈልኩት ገንዘብ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። የሻጩን አፍ መለስ ብዬ መስፋት ነበረብኝ!

«ይጥላል» የምትለዋን ቃል አንድ ጊዜ ተጣልተን እንገላገል። የሽጉጥ ጥይት ሰው አይጥልም። የሚጥል ቢሆን ኖሮ ተኳሹንም በጣለ፤ ግፊቱ ለሁለቱም እኩል ነው። ጥይት የሚሠራው አንድ ነገር ነው፦ ይበሳል። ጥያቄው በቂ ጥልቀት ይበሳል ወይ፣ የበሳውስ ቦታ ዋጋ ያለው ነው ወይ ነው።

ይህ በደም የተጻፈ ነገር ነው። ኤፕሪል 11 ቀን 1986 ማያሚ አካባቢ ስምንት የኤፍ.ቢ.አይ. ወኪሎች ከሁለት ባንክ ዘራፊዎች ጋር ተታኮሱ። ሁለት ወኪሎች ሞቱ፣ አምስት ቆሰሉ። ማይክል ፕላት የተባለውን ዘራፊ ገና በጊዜ አንዲት የዘጠኝ ሚሊሜትር ጥይት ክንዱን በስታ ደረቱ ገብታለች። አፏ የተቦረቦረ ነበርና እንደ ማስታወቂያው ተከፈተች፣ ሰፋች። ከዚያ ልቡ ጋ ልትደርስ ሁለት ሴንቲ ተኩል ያህል ሲቀራት ቆመች። ቁስሉ የማይድን ነበር። ሰውዬው ግን ከመሞቱ በፊት ጊዜ ተረፈው፤ በዚያ በተረፈው ጊዜ ነው የገደለው። ነገሩን የቋጨው ወኪሉ ኤድመንዶ ሚሬለስ ነው። ግራ ክንዱ ተሰባብሮ በአንድ እጁ ብቻ ሪቮልቨሩን ይዞ ዘራፊዎቹ ወደነበሩበት መኪና ተጠግቶ ስድስቱንም ተኮሰ። ሽጉጡ ማግነም ነው፤ ውስጡ የነበረው ግን .38 ስፔሻል ፕላስ ፒ፣ ማለትም ግፊቱ ከፍ የተደረገው .38 ነው። ወዳጄ «የሴት ጥይት» የሚለው ማለት ነው!

ከዚያ በኋላ ኤፍ.ቢ.አይ. ወደ አሥር ሚሊሜትር ሄደ፣ ከአሥር ወደ .40 ወረደ፣ ብዙ ዓመት ዞሮ ዞሮ ዘጠኝ ሚሊሜትሩ ላይ ተመልሶ ቁጭ አለ። ከዚያ ሁሉ ዙር የተረፈን ቁም ነገር መለኪያው ነው፦ አሥር በመቶ ጄላቲን ውስጥ ጥይቱ ከ12 እስከ 18 ኢንች፣ ከ30 እስከ 46 ሴንቲሜትር መሆኑ ነው፣ መግባት አለበት፤ ባዶውን ብቻ ሳይሆን ወፍራም ልብስ ለብሶም። ልብሱን አትናቁት። የተቦረቦረው አፍ የክረምት ጃኬት ሲበሳ ጨርቅ ይጎርስና ሳይከፈት ይቀራል። ቀይ አፍንጫ ያላቸው ጥይቶች ያን ፕላስቲክ የለበሱት ጨርቁ እንዳይወትፋቸው ነው፤ ሐሳቡ ደግ ነው፣ አልጣላውም። የምጣላው ቀዩን አይቶ መርዝ የገዛ ከሚመስለው ገዢ ጋር ነው።

«ግድግዳ የማያልፍ ጥይት» ብለው የሚሸጡላችሁን ደግሞ ጨርሶ አትስሙ። የአሜሪካ አፓርታማ ግድግዳ ብዙውን ጊዜ ሁለት የጂፕሰም ሰሌዳና በመካከሉ አየር ነው፤ ልጅ በክርኑ ይበሳዋል። ያንን የማያልፍ ጥይት ጃኬትና የጎድን አጥንት አልፎ የትም አይደርስም። ጎረቤታችሁን ከግድግዳው ማዶ የሚያድነው አለመሳታችሁ ነው። አለመሳት ደግሞ በሳጥን አይሸጥም።

እኔ ምን እንደማጎርስ መናገር አለብኝ፤ ሌላውን ሰድቤ መደበቅ አይሆንም። ባለ 158 ግሬይን .38 ስፔሻል ፕላስ ፒ፣ አፉ የተቦረቦረ፣ ልባስ የሌለው ለስላሳ እርሳስ። በ1970ዎቹ የብዙ ፖሊስ ጣቢያ ጥይት ነበር፤ እስከ ዛሬ «የኤፍ.ቢ.አይ. ጥይት» ይሉታል። ከአራት ኢንች በሰከንድ 270 ሜትር ገደማ ይወጣል፣ ለመከፈት ይበቃዋል፣ ካልተከፈተም በክብደቱ ይገባል፣ ሽጉጤም ካነጣጠርኩበት ይመታል። ከመደብር ሲጠፋ ባለ 135 ግሬይኑን ጎልድ ዶት እገዛለሁ፤ ለአጭር አፈሙዝ የተሠራ ነው፣ በአራት ኢንችም አያሳፍርም። እጇን ቁርጥማት የያዛት እህቴ ጠፍጣፋ አፍንጫ ያለውን ባለ 148 ግሬይን የኢላማ ጥይት ነው የምታጎርሰው። አይከፈትም፣ ግን አይራገጥም፣ ጥልቅ ይገባል፣ እሷም አትስትም። ጉዱ ግን ጠፍጣፋ ስለሆነ በችኮላ መልሶ ማጉረስ ማስቸገሩ ነው፤ ስድስት ከበቃት በቃት። አሮጌ የ.38 ሽጉጥ ያላችሁ ፕላስ ፒ ከማጉረሳችሁ በፊት ይፈቀድለት እንደሆነ አጣሩ።

የመረጣችሁትን ደግሞ ቢያንስ አንድ ሳጥን በራሳችሁ ሽጉጥ ተኩሱት። ሪቮልቨር አይነክስም የሚሉት ተረት ነው። ያልተቃጠለ ባሩድ ከቀለህ ማውጫው ኮከብ ሥር ከገባ ሲሊንደሩ አይዘጋም፤ አይቼዋለሁ። ቀለህ ስታራግፉ አፈሙዙን ወደ ሰማይ፣ ባሩዱ ወደ ምድር ይርገፍ።

ሕጉን በሁለት ቃል። የቨርጂኒያ ፈቃድ ሜሪላንድም ዋሽንግተንም አይሠራም፤ ሽጉጥ ታጥቆ ድልድዩን ተሻግሮ ሲልቨር ስፕሪንግ ክትፎ የሚበላ ሰው ወንጀለኛ ሆኖ ነው የሚጎርሰው። ኒው ዮርክ ዘመድ ጥየቃ በኒው ጀርሲ የምታቋርጡ ደግሞ እዚያ አፉ የተቦረቦረ ጥይት ራሱ ከቤትና ከተኩስ ሜዳ ውጪ ያስከስሳል። በጊዜያዊ ቪዛ ያላችሁ፣ ግሪን ካርድ ሳይመጣ ከጥቂት ጠባብ ልዩ ሁኔታዎች በቀር መንካትም የለባችሁም።

ወዳጄ ይህን እንደምታነበው አውቃለሁ፣ ስምህን አልጠራሁም። አረንጓዴዎቹን ስድስት ወደ ተኩስ ሜዳው አምጣቸው፣ የማስወገጃ ሣጥን አላቸው። ቅዳሜ ጠዋት፣ በሀበሻ ሦስት ሰዓት። መለማመጃውን እኔ እገዛለሁ፤ የጆሮ መከላከያም ትርፍ አለኝ።