ገንዘቡን ኮምፕሬሰሩ ላይ እናውለው

ባለፈው የኮሚቴ ስብሰባ ላይ ከሁሉም በላይ ያከራከረን የምግቡ ዝርዝር ወይም የዲጄው ክፍያ አልነበረም፤ የቀለም መርጫ ጉዳይ ነበር። በቦታው ላልነበራችሁ ላስረዳ። ለዘንድሮው የባህል ምሽት የኢትዮጵያ አየር መንገድን ታሪክ በአራት ሞዴል አውሮፕላኖች ለማሳየት ወስነናል፦ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1946 በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ ያደረገው ሲ-47፣ የመጀመሪያው ጄት ቦይንግ 720ቢ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ከአፍሪካ አየር መንገዶች ቀድመን የተረከብነው 787፣ እና ኤርባስ ኤ350። ኪቶቹን አባላት በየግላቸው ገዝተዋል። ለመቀቢያ መሣሪያ ደግሞ የቀድሞ ተማሪዎች 400 ዶላር አዋጥተውልናል። ክርክሩ ይህ 400 ዶላር ምን ይግዛ የሚል ነው።

ሦስት ሐሳብ ቀርቧል። አንዱ ወገን "ስፕሬይ ጣሳ ገዝተን እንገላገል" ይላል። ሌላው በኢንተርኔት የሚሸጡትን በቻርጅ የሚሠሩ ትንንሽ ኤርብራሾች ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ አንድ እንግዛ ይላል። ሦስተኛው የእኔ ነው፤ ማኅበሩ ለዓመታት የሚጠቀምበት፣ የአየር ማጠራቀሚያ ታንክ ያለው አንድ ኮምፕሬሰር እንግዛ። በስብሰባው ላይ ጊዜ ስላጠረኝ ምክንያቴን እዚህ እጽፋለሁ።

ከጣሳው ልጀምር፤ ምክንያቱም የጣሳ ደጋፊዎች ሙሉ በሙሉ ተሳስተዋል ማለት አልችልም። አንድ ሰፊ ገጽ በአንድ ቀለም ለመቀባት ጣሳ ጥሩ ነው። ታሚያ የሚያወጣቸው 100 ሚሊ ሊትር ጣሳዎች በጣም ደቃቅ አድርገው ይረጫሉ፤ ነጭ አካል ለመቀባት ብቻ ቢሆን ኖሮ እኔም እጄን አነሣ ነበር። ችግሩ የሚመጣው ጭራው ላይ ነው። በ1/144 መጠን የአንድ 787 ጭራ ከአውራ ጣቴ ብዙም አይበልጥም። እዚያ ላይ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ጎን ለጎን፣ ጠርዛቸው ሳይደማ መቀመጥ አለባቸው። ጣሳ ግፊቱን መቀነስ አይቻልም፤ ያለው አንድ ፍጥነት ነው። ቀለሙ በብዛት ስለሚወጣ ማስኪንግ ቴፑ ሥር ይገባል፤ ቴፑን ስታነሱት ደግሞ በጠርዙ ላይ እንደ ግድግዳ የቆመ የቀለም ክምር ታገኛላችሁ። ቢጫ ደግሞ መጥፎ ጠባይ አለው፤ ከሥሩ ያለውን ቀለም አይሸፍንም። ስለዚህ ነጭ ላይ መጀመሪያ ቢጫው፣ ከዚያ ቢጫውን ሸፍኖ ቀዩ፣ በመጨረሻ አረንጓዴው ይቀባል፤ ሁሉም በስሱ፣ በሁለትና ሦስት ዙር። ይህን በጣሳ የሚሠራ ሰው ካለ ባርኔጣዬን አነሣለታለሁ።

ሲ-47 ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ያልተቀባ አሉሚኒየም መምሰል አለበት። አልክላድ የሚባለው የብረት ቀለም በሚያብረቀርቅ ጥቁር ላይ፣ በዝቅተኛ ግፊት፣ ከ12 እስከ 15 ፒኤስአይ፣ እንደ ጤዛ ስስ ተደርጎ ሲረጭ በእርግጥም ብረት ይመስላል። አንድ ዙር ከበዛ ግን ግራጫ ቀለም ሆኖ ይቀራል። ይህ ያለ ኤርብራሽ የሚሞከር አይደለም።

ወደ ሁለተኛው ሐሳብ ልለፍ። በቻርጅ የሚሠራውን ትንሽ መሣሪያ እኔ ራሴ ከሁለት ዓመት በፊት ገዝቼው ነበር። ለአሥር ደቂቃ ደስ ይላል። ከዚያ ይሞቃል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ ቀለሙ ጠብ ጠብ እያለ ይወጣል። ታንክ የሌለው ፓምፕ አየር የሚገፋው በምት በምት ነው፤ ያ ምት እጃችሁ ላይ ባይሰማችሁም ቀለሙ ላይ ይታያል። ታንክ ሲኖር ግን አየሩ ተጠራቅሞ በእርጋታ ይወጣል፣ ሞተሩም ያርፋል። ግፊት መቆጣጠሪያና ውሃ ማጥለያም ይኖረዋል። አየር ሲታመቅ ውስጡ ያለው እርጥበት ውሃ ይሆናል፤ ያ ውሃ ከቀለም ጋር ከወጣ ሥራው ተበላሸ ማለት ነው። አዲስ አበባ ጋራዥ የነበረው አጎቴ ጠዋት ጠዋት የኮምፕሬሰሩን ውሃ ሳያፈስ አንድ በር አይቀባም ነበር። ልጅ ሆኜ ለምን እንደሆነ አይገባኝም ነበር፤ የገባኝ እዚህ አገር መጥቼ አንድ ክንፍ ካበላሸሁ በኋላ ነው።

ኤርብራሹን በተመለከተ ብዙ አንጨነቅ። ምላጩ ወደታች ሲጫኑት አየር፣ ወደኋላ ሲስቡት ቀለም የሚሰጠው ዓይነት ይሁን፤ አየርና ቀለም አንድ ላይ ብቻ የሚሰጠው ለጀማሪ ይቀላል ቢባልም ስስ መስመር ላይ እጅ ያስራል። የቀለም ኩባያው ከላይ የተቀመጠ ይሁን፤ ጥቂት ጠብታ ቀለም ይበቃዋል፣ ለማጠብም ይቀላል። የአፍንጫው ቀዳዳ 0.3 ሚሊ ሜትር አካባቢ ከሆነ ሁሉንም ይሠራል። በ0.2 የሚመጣውን አንዳንዶች ይመኙታል፤ እኔ ለማኅበር አልመክርም፤ በየደቂቃው የሚደፈን መሣሪያ ሃያ ሰው የሚጋራበት ቦታ አያዋጣም። መርፌውን ያላጠበ ሰው ማን እንደሆነ ስንፈላለግ ዓመቱ ያልቃል። ኢዋታም ሆነ ባጀር፣ የመለዋወጫ መርፌና አፍንጫ በቀላሉ የሚገኝለትን እንምረጥ። ነገ የተሻለ ኤርብራሽ ብንፈልግ እሱን ብቻ እንቀይራለን፤ ኮምፕሬሰሩ ይኖራል።

አሁን በስብሰባው ላይ ልናገረው ያልደፈርኩትን ልናገር።

አምና አንድ የ720ቢ ሞዴል በዶርም መታጠቢያ ክፍል ውስጥ ቀባሁ። ላከር ነበር፣ በላከር ቲነር የቀጠንኩት። በሩን ዘጋሁ፣ የጣሪያውን አየር ማውጫ አበራሁ፣ አፌ ላይ ከኮቪድ የተረፈ የወረቀት ማስክ አደረግሁ። የተጠነቀቅሁ መስሎኝ ነበር። የዶርም ጓደኛዬ አስም አለበት። ከክፍል ሲመለስ ሽታው ኮሪደሩን ሞልቶታል፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ትንፋሹ እየጮኸ ወደ ድንገተኛ ክፍል ወሰድኩት። ሌሊቱን እዚያው አደርን። እሱ ይቅር ብሎኛል፣ እንዲያውም ይቀልድብኛል። እኔ ግን እናቱ ስልክ ደውላ "ልጄ ምን ነካው?" ስትለኝ "ቀለም እየቀባሁ ነበር፣ እማማ" ያልኩባትን ድምፄን አልረሳውም።

የወረቀት ማስክ የቲነርን ትነት አያስቀርም። ለዚያ የኦርጋኒክ ትነት ማጣሪያ ያለው፣ ፊት ላይ በደንብ የሚጣበቅ ማስክ ያስፈልጋል፤ በውሃ ለሚቀጥን አክሪሊክ ቀለም እንኳ ደቃቁን ብናኝ የሚያስቀር ማጣሪያ ግድ ነው። የመታጠቢያ ቤት አየር ማውጫም ቢሆን ለዚህ አልተሠራም፤ ሞተሩ ተቀጣጣይ ትነት መሐል ይዞራል። ሁለት ተዋሕደው የሚጠነክሩትንና አይሶሲያኔት ያለባቸውን የመኪና ቫርኒሾች ደግሞ፣ "በጣም ያብረቀርቃል" ብሎ ማንም ይዞ እንዳይመጣ። አንዴ ሳንባን ካስቆጡ በኋላ በጥቂቱም አስም የሚያስነሡ ናቸው። አጎቴ ያን ሁሉ ዓመት አፍንጫውን በመሐረብ አስሮ ነበር የሚቀባው፤ ሳሉን ቤተሰቡ ሁሉ "የሲጋራ ነው" ይለው ነበር። አጎቴ ሲጋራ አጭሶ አያውቅም።

ስለዚህ መሣሪያው ከመመረጡ በፊት ቦታው ይመረጥ የምለው ለዚህ ነው። ብዙ ኮሌጆች የሥነ ጥበብ ክፍላቸው ውስጥ ወደ ውጭ የሚያወጣ የቀለም መርጫ ክፍል አላቸው፤ የእኛም አለው። ጸሐፊያችን ኢሜይል ቢልክና በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ቢፈቀድልን፣ ከዚያ በኋላ ስለ ኮምፕሬሰር ድምፅም አንጨነቅም። ካልተፈቀደልን ደግሞ በውሃ በሚቀጥን አክሪሊክ ብቻ፣ ውጭ፣ በረዶው ሳይጀምር እንሥራ፤ ሲ-47ቱ በአልክላድ ሳይሆን በተራ የብር ቀለም ይቀባ። ያን ያህል አያምርም። ይሁን።

በቅርቡ ዋጋ ሳጠያይቅ፣ ሦስት ሊትር ታንክ ያለው ኮምፕሬሰር 150 ዶላር አካባቢ፣ ደህና ኤርብራሽ ከ100 በታች፣ ሁለት ማስክ ከነማጣሪያቸው 70 አካባቢ አግኝቻለሁ። የቀረው ለቀለም፣ ለቲነርና ለቴፕ ይበቃል። የእያንዳንዱ ቡድን የራሱ መርጫ አይኖረውም፤ ተራ መጠበቅ ይኖራል፤ ይህ ቅር የሚያሰኛችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። በተለይ የኤ350 ቡድን፣ ኪታችሁ ገና ከሳጥኑ ስላልወጣ በዚህ ማጉረምረም አትችሉም።

ድምፅ የምንሰጠው ሐሙስ ነው። የዶርም ጓደኛዬም ይመጣል፤ የ787ቱን ጭራ እኔ ልቅባ ብሏል፣ ማስኩ በልኩ ከተገኘለት።