ስለ ዊንድሁክ ከተማ የመጠጥ ውኃ

ውኃ በቤት ሳይጓደል በሚገኝበት ጊዜ ከየት እንደ መጣ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። በዚህ ወር ዓምዳችን በደቡብ ምዕራብ አፍሪቃ የምትገኘው የናሚቢያ ዋና ከተማ ዊንድሁክ ውኃዋን እንዴት እንደምታገኝ ልንጽፍ ወደድን። ዘመኑን የምንቈጥረው እንደ አውሮፓውያን ነው።

ከተማይቱ የተቈረቈረችው በፍል ውኃ ምንጮች አጠገብ ነው፤ በናማ ቋንቋ ያላት የጥንት ስምም «የእሳት ውኃ» ማለት ነው። ሕዝቡ በበዛ ጊዜ ግን ምንጮቹ አልበቁም። ዓመቱን ሙሉ የሚፈሱት ወንዞች በአገሪቱ ዳርቻ ብቻ ናቸው፤ ኦካቫንጎ ከከተማይቱ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። በዓመት የሚዘንመውም ወደ 360 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ ከ1970 እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ጎርፍ የሚያጠራቅሙ ፎን ባኽ፥ ስዋኮፖርትና ኦማታኮ የተባሉ ሦስት ግድቦች ተሠሩ።

ነገር ግን በዚያ አገር ፀሐይ ከተገለጠ ውኃ ላይ በዓመት ከ2 ሜትር ጥልቀት የሚበልጥ ታነሣለች። ኦማታኮ ሰፊና ጥልቀት የሌለው በመሆኑ፥ ውኃው ብዙ ሳይቆይ እየተሳበ ወደ ጥልቁ ወደ ፎን ባኽ ይዛወራል፤ ብልኅ ባልቴት በገበቴ ያለውን ውኃ ፀሐይ ሳይመታው ወደ እንስራ እንደምትገለብጠው ነው።

ይህም እንደማይበቃ አስቀድሞ ታውቆ ነበር። ፎን ባኽ ገና ሳያልቅ፥ በ1968፥ ከተማይቱ ከየቤቱ የሚወርደውን እጣቢና የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ በጎሬአንጋብ አጣርታ መልሳ ለመጠጥ አዋለችው። እንዲህ ያለ ሥራ በዓለም የመጀመሪያው ነበር። እኛም ይህን በሰማን ጊዜ ሰውነታችንን እንደ ሰቀጠጠው አንደብቅም። ሆኖም ፍሳሹ አስቀድሞ ከቆሻሻው ይለያል፤ ከዚያም ኦዞን በሚባል ጋዝ፥ በአሸዋ፥ በከሰልና እጅግ በረቀቀ ወንፊት ያልፋል፤ በመጨረሻም ክሎሪን ተጨምሮበት ከሌላው ውኃ ጋር ይቀላቀላል። በ2002 የተከፈተው አዲሱ ማጣሪያ በቀን እስከ 21,000 ሜትር ኩብ ያወጣል። የኢያሪኮ ሰዎች ነቢዩ ኤልሳዕ በጨው የፈወሰውን ምንጭ ትላንት ክፉ ነበር ብለው ሊጸየፉት አይገባቸውም ነበር። ያ ተአምር፥ ይህ የሰው ጥበብ ነውና ሁለቱን አናስተካክልም፤ መጸየፋችን ግን በዚህ ቀነሰ። በ2016 ግድቦቹ ወደ መድረቅ በተቃረቡ ጊዜ የከተማው ሰው ይህን ውኃ ይጠጣ ነበር።

ልባችንን ይበልጥ የነካው ሌላ ነገር ነው። የፋብሪካ ፍሳሽ ከቤት ፍሳሽ ጋር እንዳይገናኝ በልዩ ቱቦ ይሄዳል። በየቤቱ ማጠቢያ ግን ዘበኛ አይቆምም። የተረፈ መድኃኒት ወይም የቀለም ማቅጠኛ የሚደፋ ሰው ቢኖር፥ ያን ለማስቀረት የሚደክመው ማጣሪያው ነው። እኛ በየቤታችን የምንደፋው ወደ ወንዝ ወርዶ ከብቱን ለሚያጠጣ፥ ፊቱን ለማናውቀው ሰው ይደርሳል፤ በዊንድሁክ ግን የደፋችው እናት ራስዋ ከቧንቧዋ መልሳ ለልጆችዋ ትቀዳዋለች።